ሸክላ ላይ ያልወጣው ዘፈን

ጋሼ ሞገስ ከድምፅ ማቀላቀያ ሚክሰራቸው ሥር በግንባራቸው ተደፍተው ነበር። ማጅራታቸውን የመታቸው የማይክ መቆሚያ፣ ክብ የብረት እግሩ በደንብ ተወልውሎ ጥግ ላይ ተመልሶ ቆሟል። ሰው ገድሎ ዕቃ ወደ ቦታው የሚመልስ ጨዋ ነፍሰ ገዳይ ለኢንስፔክተር ተጂቱ አዲስ ነገር ነው። ቆማ ክፍሉን ቃኘችው። ቴፕ ማጫወቻው እንደበራ ነው፤ ቴፕ ግን የለበትም።

ቦታው ቴንስታ ነው፤ ከቱነልባና፣ ከምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ጣቢያ ጀርባ ካሉት ረጃጅም የኪራይ ሕንፃዎች የአንዱ ምድር ቤት። ሟቹ በአዲስ አበባ የባንዶች ዘመን ዘፈን ሲቀዱ የኖሩ፣ ስቶክሆልም ከገቡም በኋላ እዚሁ ምድር ቤት ውስጥ የሰው ድምፅ ሲያቃኑ ያረጁ ባለሙያ ናቸው። ሰኞ ጠዋት ሬሳቸውን ያገኙት እትዬ ሸዋሉል የድሮ ዘፋኝ ነበሩ፤ አሁን በጴንጤ ቤተ ክርስቲያን የኳየር አባል ናቸው።

ረቡዕ ጠዋት አለቃዋ ቢሮዋ በር ላይ ተደግፎ «ነገሩ አልቋል፤ ልጁን ይዘነዋል» አላት።

ልጁ ናኦል ነው። ከጋሼ ሞገስ ሥር የተማረ፣ ዛሬ በራሱ ስም ያወጣ ወጣት የሙዚቃ ፕሮዲዩሰር። ቅዳሜ ዕለት ከሽማግሌው ጋር ሲጯጯህ ሕንፃው በሙሉ ሰምቷል። እሁድ ቀኑን ሙሉ ብቻውን ቤቱ ነበር፤ የሚመሰክርለት የለም።

«ሬሳውን የመረመረችው የሶልናዋ ሐኪም ከረፋድ እስከ ምሽት ባለው ጊዜ ነው የሞተው ብላለች» አለች ተጂቱ። «ሰፊ ጊዜ ነው።»

«ኢሜይሉ አጥብቦልናል። እሁድ ምሽት ሰውየው ከራሱ ኮምፒውተር ለልጁ፣ ለአሳታሚውና ሬሳውን ላገኘችው ሴትዮ ልኳል። 'ዘፈኑ አለቀ፤ ይኸው' ይላል፤ ሴትዮዋ ድሮ የዘፈነችው፣ ወጥቶ የማያውቅ ዘፈንም አብሮ አለ። ስለዚህ ያን ጊዜ በሕይወት ነበር። አሳታሚው ሐዋዝ ከቀትር በኋላ ጀምሮ ከተማ ውስጥ አዳራሽ ሙሉ እንግዳ ይዞ ነበር። ሴትዮዋ ቤተ ክርስቲያን። ማን ቀረ?»

«ሲልክ ማን አየው?»

«የኮምፒውተር ባለሙያዎቹ ያጣሩታል። ወረፋቸው ግን ረጅም ነው። ዐቃቤ ሕጓ ነገ ከሰዓት በኋላ ልጁን ፍርድ ቤት አቅርባ ታሳስረዋለች።»

«ለወረፋ ብዬ ሰው አላሳስርም» አለች ተጂቱ። «ሪፖርቱ ላይ ስሜን አላሰፍርም።»

አለቃዋ ትከሻውን ሰብቆ ሄደ። ይህች ሴት አንዴ እንቢ ካለች እንቢ ናት፤ ይህንን ከሃያ ዓመት በላይ ያውቀዋል።

ናኦልን ያገኘችው በማረፊያ ቤቱ ጠባብ ክፍል ነው። እዚሁ ስዊድን ያደጉ ልጆች በአማርኛ ሲጠየቁ በስዊድንኛ ነው የሚመልሱት፤ ይህ ግን ጥርት ባለ አማርኛ ሰላምታ ሰጣት።

«ማን አስተማረህ?»

«ጋሼ ናቸው። በስዊድንኛ ሳወራቸው እንዳልሰሙ ይሆኑ ነበር።»

«የላኩትን ዘፈን ሰማኸው?»

«አልከፈትኩትም። ተጣልተን ነበር። መጀመሪያ ይቅርታ ልበላቸው ብዬ።» ጠረጴዛውን በጣቱ መታ መታ አደረገ። «በዚያ ዘፈን ላይ ከበሮውን ላጉላው አልኳቸው። 'ከበሮ መቺው የቆመው በሩ ጋ ነው፤ በሩ ጋ ይሰማ' አሉኝ። ጆሮዎ አርጅቷል አልኳቸው። እንደዚህ ብያቸው ነው የወጣሁት።»

«በሩ ጋ ማለት?»

«ያኔ ማይኩ አንድ ነው፤ ዘፋኙም ባንዱም እዚያው ላይ። ከበሮ በዛ ማለት ከበሮ መቺውን ዕቃውን ተሸክሞ ወደ በሩ እንዲጠጋ ማድረግ ነው። ሚክስ የሚያደርጉት ሰው በማንቀሳቀስ ነበር። ከዚያ የካሴት ጊዜ መጣ፤ ታክሲ ውስጥ እንዲሰማ ቀጭን ቀጭኑን ከፍ ያደርጉ ነበር። ከዚያ አንድ ኪቦርድ ብቻውን ባንድ ሆነ፤ ማሚቶ በላዩ ላይ እንደ ልብ የሚፈስበት ጊዜ። አሁን ደግሞ የኛ ነው። ሁሉም እኩል ይጮሃል፤ የሳተ ድምፅ በማሽን ይቃናል። ጋሼ በሁሉም ሠርተዋል፤ የኛን ግን ይሰድቡታል። በየሳምንቱ ነው የምንጣላው። ማክሰኞ ማክሰኞ ግን ምሳ እኔ ነኝ የማመጣላቸው።»

ተጂቱ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ዘፈኑን ከፈተችው። ናኦል ዓይኑን ጨፍኖ ማዳመጥ ጀመረ። ትንሽ ቆይቶ ዓይኑን ገለጠ፤ ፊቱ ሌላ ሆነ።

«ይሄ ጭርጭርታ ከየት መጣ?»

«አንተ ንገረኝ።»

«የሸክላ ነው። መርፌው አቧራ ላይ ሲሄድ የሚያወጣው። ይሄ ዘፈን እኮ ሸክላ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ያለው ቴፕ ላይ ብቻ ነው፤ ቴፕ ደግሞ እሽሽ ይላል እንጂ አይጨረጭርም። እሽታውንም ቢሆን ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲዋጉት ነው የኖሩት። አሁን አርጅተው ቆሻሻ ይጨምሩበታል?» ጥቂት ጨምሮ አዳመጠ። «ድምፁንም በማሽን ለይተው አውጥተው አጥበውታል። ዘፋኟ ትንፋሽ እንኳ የላትም።»

«አንተስ ልትሠራው ትችል ነበር?»

«በደንብ። ችሎታ አይጠይቅም።» ቀና ብሎ ዓይን ዓይኗን አያት። «ከፈለጋችሁ እሰሩኝ። ይሄንን ግን ጋሼ ሠሩት ብላችሁ ለማንም እንዳታሰሙ።»

ተጂቱ ከዚያ ወጥታ ሐዋዝ ቢሮ ስትደርስም ይህ ንግግር ጆሮዋ ውስጥ ነበር። ነገ የሚታሰር ሰው ስለ ራሱ ትቶ ስለ ዘፈን ሲለምን አይታ አታውቅም።

ሐዋዝ የድሮ ሙዚቃ እየፈለገ በአውሮፓ የሚያሳትም፣ ስሙ የታወቀ፣ አለባበሱ ያማረ ሰው ነው። የቢሮው ግድግዳ ከወለል እስከ ጣሪያ ሸክላ ነው።

«ግቢ እህቴ፣ ቁጭ በይ። ሞገስን የሚያህል ሰው አጣን።»

«እሁድ አይተዋቸው ነበር?»

«ረፋድ ላይ ብቅ ብዬ ግብዣዬን አስታወስኩት። ደኅና ነበር። ማታ እንግዶቼ መሃል ሳለሁ ኢሜይሉ መጣ። 'ጠፍቶ የኖረው ዘፈን ይኸው' ብዬ እዚያው ከፈትኩላቸው። ሰው አለቀሰ።»

«ከዚያ በፊት ሰምተውት ያውቃሉ?»

«ከየት አባቴ። ቴፑን ሊያሳየኝ እንኳ አይፈቅድም ነበር።»

«ስለ ዘፈኑስ አጫውተውዎት ያውቃሉ?»

«አፉ የተቆለፈ ሰው ነው። አንድ ቃል አልነገረኝም።»

«ጭርጭርታ ያለው ይመስላል።»

ሐዋዝ ፈገግ አለ። «እሱ እኮ ነው ነፍሱ። ያለ ጭርጭርታ የድሮ ሙዚቃ ምኑ ድሮ ነው? ደግሞ ያቺ ሳቋ። ከሁለተኛው አዝማች በኋላ ሳቅ ስትል፣ ወይ ጉድ፣ ይሄን ዛሬ ማን ይሠራዋል?»

ተጂቱ አመስግና ወጣች። እትዬ ሸዋሉል ወደሚኖሩበት ሜርስታ የሚሄደው ባቡር ላይ እንደተሳፈረች ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ አደረገች። ሁለተኛው አዝማች ጋ ስትደርስ ወደ ኋላ መለሰችው። እንደገና መለሰችው። አጠገቧ የተቀመጠው ሰው ስልኳን ስትነካካ አይቶ እስኪሰለች ድረስ መለሰችው።

እትዬ ሸዋሉል በሩን ሲከፍቱላት ዓይናቸው አብጦ ነበር።

«ግቢ ልጄ። ቀድሜ ልንገርሽ፤ እኔ ጌታን ተቀብዬ ከዳንኩ ሠላሳ ዓመቴ ነው። ያ ዘፈን የኔ አይደለም። ሞገስንም 'እኔ ሳልሞት እንዳታወጣው' ብዬ አስምዬዋለሁ። ታዲያ ሐዋዝ ለሰው አሰማ ሲሉኝ ምሎ ከዳኝ ብዬ ልጣላው ነበር የሄድኩት። ሞቶ አገኘሁት።»

«እንዴት ተቀዳ?»

«ምን ያደርግልሻል?»

«ይንገሩኝ እስኪ።»

እትዬ ሸዋሉል እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጠፉ። «ሰዓት እላፊ ነበር። አንድ ሆቴል አዳራሽ ተዘግቶብን እስኪነጋ እንቀዳለን። መሃል ላይ የወታደር መኪና መጣ። በመስኮቱ ሥር ቀስ ብሎ ሲያልፍ ሁላችንም ሰማነው። ባንዱ ዝም ሊል ነው፤ ሁሉም እኔን ያያሉ። ከዚያ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ወንድሜን ወስደውብኛል። ልቤ ደነደነ። ዘፈኔን ቀጠልኩ፤ መኪናው ሲያልፍ ደግሞ ሳቄ መጣ። ሞገስ ይደገም አላለም። 'እንዳለ ይኑር' አለ።»

ተጂቱ ወንበሯን ወደ አሮጊቷ ጠጋ አደረገች። ከዚያ ቀስ ብላ «ቴፑ እርስዎ ጋ ነው አይደል?» አለች።

አሮጊቷ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። «ሬሳውን እያየሁ እጄ መጀመሪያ የሄደው ወደ ቴፑ ነው። እግዜር ይቅር ይበለኝ። ሌላ ሰው እንዳይሰማው ብዬ ነው።»

«ካልተሰማ ናኦል ነገ ይታሰራል።»

«የቤተ ክርስቲያኑ ሰው ምን ይለኛል? እዚያ ያለሁት እንደ እናት ነው። ወጣቶቹ በኔ ነው የሚማሩት።»

«አስገድጄ ልወስደው እችላለሁ፤ ሕግ አለኝ። ግን አልወስደውም። ነገ ረፋድ ምድር ቤቱ ውስጥ እንሰበሰባለን። ከመጡ እርስዎ ራስዎ ያሰሙታል።»

እትዬ ሸዋሉል ተነሥተው በሩን ከፈቱላት።

በማግስቱ ዐቃቤ ሕጓ፣ አለቃዋ፣ ሐዋዝ፣ እጁ በካቴና የታሰረ ናኦልና ጠባቂው በዚያች ጠባብ ክፍል ታጭቀው ቆሙ። እትዬ ሸዋሉል አልመጡም። ተጂቱ በሩን አንዴ አይታ ጀመረች፤ በስዊድንኛም በአማርኛም እያፈራረቀች።

«ሁላችንም ኢሜይሉን አምነናል። ሞገስ ማታ ከላኩት ማታ በሕይወት ነበሩ፤ ስለዚህ ማታ ምስክር ያለው ሰው ንጹሕ ነው። እኔ የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው። ዘፈኑን የሠሩት እሳቸው ናቸው? ዘፈኑ የሸክላ ጭርጭርታ አለው። ሸክላ ላይ ግን ወጥቶ አያውቅም። ሞገስ ይህንን ያውቃሉ፤ በእጃቸው የቀዱት ናቸው። ስለዚህ የሠራው ሌላ ሰው ነው። ኢሜይሉንም ያው ሰው ነው ያዘጋጀው። አንድ ሰው ረፋድ ላይ ከሞገስ ኮምፒውተር ጽፎት፣ ራሱ ማታ እንዲሄድ ሰዓት ሊሞላለት ይችላል።»

«ልጁ ይችላል» አለ አለቃዋ።

«ልጁ ለምን የማታ ኢሜይል ያስፈልገዋል? ማታ ምስክር የለውም። ይህ ኢሜይል እሱን ያሳስረዋል እንጂ አያድነውም። የሚያድነው ማታ ላይ አዳራሽ ሙሉ ምስክር ያለውን ሰው ነው።»

ሐዋዝ ሳቀ። «እህቴ፣ በጭርጭርታ ሰው ይታሰራል እንዴ?»

«በጭርጭርታ አይደለም። በሳቅ ነው።»

ያን ጊዜ የምድር ቤቱ በር ተከፈተ። እትዬ ሸዋሉል የእሁድ ልብሳቸውን ለብሰው፣ የሱቅ ፌስታል በእቅፋቸው ይዘው ገቡ። ማንንም ሰላም ሳይሉ በቀጥታ ወደ ናኦል ሄዱ።

«መግጠም ታውቅ የለም? እንካ ግጠመው።»

ተጂቱ ለጠባቂው ምልክት ሰጠች፤ ካቴናው ተፈታ። ናኦል የታሰረበትን አንጓ ሳያሽ ቴፑን ተቀብሎ በማጫወቻው ላይ ገጥሞ አዞረው። መጀመሪያ እሽታው መጣ። ቀጥሎ የወጣት ወንድ ድምፅ «በሉ ጀምሩ» አለ። ጋሼ ሞገስ ናቸው። ናኦል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ዘፈኑ ሄደ። ከበሮው በሩ ጋ ነው፤ እንደተባለው። ሁለተኛው አዝማች ላይ ከሩቅ የሞተር ድምፅ መጣ፤ ቀረበ፤ ባንዱ ሲሳሳ ይሰማል። የሴቲቱ ድምፅ ግን ጭራሽ ከፍ አለ። ሞተሩ አለፈ። ከዚያ አጭር፣ ንቀት የሞላበት፣ የልጃገረድ ሳቅ።

«አቁመው» አለች ተጂቱ፤ ከዚያም ስልኳን አወጣች። «አሁን ደግሞ የተላከውን ስሙ።»

ጭርጭርታው ክፍሉን ሞላው። ሁለተኛው አዝማች አለፈ። መኪናው የለም። ሳቁም የለም፤ ባዶ ቦታውን ጭርጭርታ ሞልቶታል።

«አቶ ሐዋዝ፣ ትናንት ያንን ሳቅ አወደሱልኝ። ቦታውን ሳይቀር ነገሩኝ። ከኢሜይሉ በፊት ዘፈኑን ሰምቼው አላውቅም ብለዋል። ሞገስ አንድ ቃል አልነገሩኝም ብለዋል። ከተላከው ዘፈን ውስጥ ደግሞ ሳቁ ተቆርጦ ወጥቷል። ታዲያ የት ሰሙት?»

ሐዋዝ የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ።

«እኔ ልንገርዎ። በየትም መንገድ ይሁን የቴፑ ቅጂ ቀድሞ እጅዎ ገብቷል፤ ይህንን የሠሩትም እርስዎ ነዎት። እሁድ ረፋድ ለሞገስ አሰሟቸው። እሳቸው ደግሞ ለእትዬ ሸዋሉል ምለዋል። ምን አሉዎት?»

«ማታ እንግዶችህ ፊት ቆሜ ውሸት ነው እላለሁ አለኝ» አለ ሐዋዝ። «ሥራዬን ሁሉ ሊያፈርስብኝ ነው። እኔ እኮ አጸዳሁላችሁ። መኪና የሚያልፍበት ዘፈን ማን ይሰማል? ጥራጊ ነው የቆረጥኩት፤ ሳቋ ከመኪናው ጋር አብሮ መሄዱን ልብ አላልኩም። እኔ ባልኖር ማን ያስታውሳችሁ ነበር?»

«ወንድሜን ነው የቆረጥከው» አሉ እትዬ ሸዋሉል።

ዐቃቤ ሕጓ ጥቂት ቃል ተናገረች፤ ካቴናው ሌላ እጅ ላይ ገባ። ሐዋዝ ደረጃውን ሲወጣ የአለቃዋ ስልክ ጮኸ። በተጂቱ ጥያቄ ጠዋት የሐዋዝን ቢሮ መፈተሽ የጀመሩት ሰዎች ጭርጭርታ ያለበትን ዘፈን ኮምፒውተሩ ላይ አግኝተውታል፤ የተሠራውም ከእሁድ በፊት ነው። አለቃዋ ስልኩን ዘግቶ ተጂቱን አያት፤ ይቅርታ ማለት ስለማይችልበት ቡናና ኬክ፣ ፊካ እንደሚሉት፣ ልጋብዝሽ አላት። በኋላ አለችው።

ክፍሉ ውስጥ ሦስት ሰው ቀረ። እትዬ ሸዋሉል የጋሼ ሞገስ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«ናኦል፣ ከመጀመሪያው አድርገው።»

ናኦል ቴፑን መለሰው። ድምፁ ሲጀምር እጁ እንደ ልማዱ ከበሮውን ለማጉላት ወደ ሚክሰሩ ሄደ፤ ከዚያ ሰበሰበው። ላይ ፎቅ የሆነ ሰው ወለሉን በተረከዙ መታ።

«እትዬ፣ ልቀንሰው? እርስዎ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱት እዚህ ሕንፃ ውስጥ አሉ። ያውቁዎታል።»

እትዬ ሸዋሉል ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። ከሩቅ ያ መኪና እየመጣ ነበር።

«አትንካው» አሉ። «ይስሙኝ።»