ሎሚ ያልገባው ሽንኩርት

ፈለቀች ከአልጋዋ ወርዳ፣ ወለሉ ላይ በጎኗ ተጋድማ ሞታለች። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ዓይኖቿን የከደነላት ሰው የለም። ራስጌዋ ካለው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ አንድ ሳህን ተቀምጧል፤ በጨው የቆየ ዓሣ፣ በላዩ ቀይ ሽንኩርትና ሎሚ። ከሳህኑ አጠገብ በግማሽ የጎደለ የአብሽ ብርጭቆ አለ።

ቀኑ የፋሲካ ማግስት ነው። ግብፆች ፍሲኽ የሚሉትን ያንን ዓሣ ይዘው ሣር ላይ የሚውሉበት በዓል ስለሆነ፣ ማዓዲ ሰፈር ያለው ይህ አምስተኛ ፎቅ እስከ ደረጃው ድረስ ይሸታል። በደንብ ያልተያዘ ፍሲኽ ሰው እንደሚመርዝ ካይሮ ውስጥ የማያውቅ የለም። ስለዚህ የቤቱ ሰዎች ፈለቀችን ምን እንደገደላት ለመወሰን አሥር ደቂቃ አልፈጀባቸውም። ማን እንደገደላት ለመወሰን ደግሞ ከዚያም ያነሰ።

ዘርትሁን ስትደርስ ስድስት ሰዓት ሆኗል። ባሕር ዳር የወንጀል መርማሪ ነበረች፤ ከተሰደደች ወዲህ የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ታስተዳድራለች። የሐበሾቹ እድር ሊቀመንበር ሱሌይማን፣ ለፖሊስ የሚሰጥ ቃል ባለ ቁጥር ይጠራታል። ዛሬ ግን ዘግይቶ ነው የጠራት።

«ደብዳቤው ተጽፏል» አላት በር ላይ። «ፖሊስ በስምንት ሰዓት ይመጣል። ፍሲኹን ያመጣችው አብራት የምትኖረው ሄለን ናት። ኸላስ፣ አለቀ፤ ሌላ ምን አለ?»

«ስሟን ጽፈሃል?»

«አንድ ሰው ካልተጠየቀ ሁላችንም እንጠየቃለን። እዚህ ፎቅ ላይ መኖሪያ ፈቃዱ ጊዜው አልፎ የተቃጠለበት ስንት ሰው እንዳለ ታውቂያለሽ።»

«የሄለንም ተቃጥሏል። ብትያዝ ወዴት ነው የምትላከው?»

«ወደ አገር።»

«እዚያስ ማን ይጠብቃታል?»

የሄለን ባል በፖለቲካ ታስሮ የት እንዳለ ከማይታወቅ ሦስት ዓመቱ ነው። የሚፈለጉት ሰዎች ዝርዝር ላይ የእሷም ስም እንዳለ ማኅበረሰቡ ሁሉ ያውቃል።

«እስከ ስምንት ሰዓት ደብዳቤው ኪስህ ውስጥ ይቆይ» አለች ዘርትሁን። «አሁን ይህን ሳህን በስልክህ አንሣልኝ። ቀረብ ብለህ፣ ሽንኩርቱ ይታይ።»

«የሞተ ሰው ቤት ሽንኩርት ይነሣል?»

«አንሣ አልኩህ።»

አነሣ። ዘርትሁን በሹካ አንዱን የሽንኩርት ቁራጭ ብድግ አደረገች። መሀሉ ነጭ፣ ጠርዙ ወይን ጠጅ ነው፤ ስትጫነው ቀጭ አለ። የሎሚው ጭማቂ ሳህኑ ውስጥ ከታች ተጠራቅሟል። ቀጥላ የአብሽ ብርጭቆውን አዘነበለችው። ፍሬው ከታች ቀረ፤ ውሃው ግን እንደ ቧንቧ ውሃ ቀለል ብሎ ፈሰሰ። ጣቷን ነክራ ምላሷን ነካችና በመሐረብ ላይ ተፋችው።

ሳሎን ወጥታ ሰዎቹን አንድ በአንድ በእጇ ጨበጠች፤ ለማጽናናት የምትዞር ይመስላል። የኋላውን ክፍል የተከራየው ይትባረክ መዳፉ በጨው ሻክሯል። ሸይኽ ዛይድ ከሚባለው ሰፈር፣ ከአሠሪዎቿ ቤት በበዓል ፈቃድ የመጣችው ምግብ አብሳይ ዓለምነሽ ጣቶቿ ሎሚ ሎሚ ይላሉ። ሄለን ሳሎን ውስጥ አልነበረችም። ደረጃው ላይ አስቀምጠዋታል።

ዘርትሁን ወጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። የልጅቷ እጅ የክሎር ሽታ አለው።

«ለምን ውጭ ተቀመጥሽ?»

«ነፍሰ ገዳይ ሳሎን አይገባም ተባልኩ።» ሄለን ቀና አላለችም። «አንቺም ለዚያው ከሆነ የመጣሽው ቶሎ በይው፣ እትዬ።»

«ፍሲኹን ማን ሰጠሽ?»

«የማጸዳላት ማዳም። የማዳም ስጦታ እምቢ አይባልም። ትናንት አምጥቼ ከነክዳኑ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከተትኩት።»

«ትናንት የበላ አለ?»

«ሁለት ወር ጾመን ዶሮ ወጥ ቀርቦ የግብፅ ዓሣ ማን ይነካል? እትዬ ፈለቀች ራሷ ‹ይህን ግም ነገ ለዘበኛው ስጪልኝ› ብላኛለች።»

«ዛሬስ?»

«በአሥራ ሁለት ሰዓት ወጣሁ፤ ማዳም እንግዳ ነበራት። አምስት ሰዓት ተኩል ስመለስ ሞታለች። ይትባረክ ሲያየኝ እግሬ ሥር ተፋ።»

ይትባረክ ክፍሉ ውስጥ ሆኖ ሲጋራ ያጨሳል። ግብፆች ቲርሚስ የሚሉትን ግብጦ በጋሪ የሚሸጥ ሰው ነው። የዘፈዘፈባቸው ባልዲዎች ግድግዳውን ታከው ተደርድረዋል።

«ባሕር ዳር መሰለሽ እንዴ?» አላት ሳይነሣ።

«ባሕር ዳር ቢሆን ቆመህ ነበር የምታናግረኝ። ግብጦህን ስንት ቀን ትዘፈዝፈዋለህ?»

«ልትሸጪ ነው? ቀቅዬ አራት ቀን። በየቀኑ ሦስቴ ውሃውን እቀይራለሁ። መራራው ካልወጣ ሰው ይተፋዋል።»

«የተቀቀለበትን ውሃ ትደፋዋለህ?»

«ለምን እደፋዋለሁ? ለትኋን ነው የማስቀምጠው፤ አልጋዬን እቀባበታለሁ። አባቴ ጎጃም ከብት ያጥብበት ነበር፤ መዥገሩ ይረግፋል።» በእግሩ አንድ ቢጫ ጀሪካን ጠቆመ። «ማንም እንዳይነካው ለሁሉም ነግሬያለሁ።»

ዘርትሁን ጀሪካኑን አነሣችው። «ጎድሏል።»

«ቅዳሜ እስከ አፉ ሞልቼዋለሁ።» ይትባረክ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነሣ። «በበዓል ትኋን አላሳደድኩም እኮ።»

«ዛሬ ቤት ገብተሃል?»

«አራት ሰዓት ላይ። ግብጦ አለቀብኝና ዘበኛውን ይዤ መጣሁ፤ ባልዲ ተሸክመን ወረድን። ፈለቀች በሩ ክፍት ነበር። ከግድግዳው ላይ የሌለ ነገር ትለቅማለች፤ የሞተች እህቷን ትጣራለች። ዓለምነሽ ‹ሐኪም ጠርቻለሁ፣ አንተ ሂድ› አለችኝ። ሄድኩ።»

«ሰው እንዲያ ሆኖ እያየህ?»

«ስትሰድበኝ የኖረች ሴት ናት። ገበያዬን ዘግቼ ልንከባከባት ኖሯል?»

ዓለምነሽ ወጥ ቤት ውስጥ የታጠበ ድስት መልሳ ታጥባለች። ዘርትሁን ከበሩ ሳታልፍ ጠየቀቻት።

«ፍሲኹን ስትበላ አይተሻታል?»

«አላየሁም፣ እትዬ ዘርትሁን። ሦስት ሰዓት ላይ ስነቃ ትቃዣለች፤ ሳህኑ አጠገቧ ነበር። ጠዋት ተነሥታ በልታው መሆን አለበት። ያቺ ልጅ ጨረሰቻት።»

«አንቺስ ቀመስሽው?»

«ፍሲኽ? ነክቼውም አላውቅ። ሽታው ያስመልሰኛል። ሸይኽ ዛይድ እንኳ ፍሲኽ ሲመጣ ሾፌሩ ነው የሚያዘጋጀው።»

«አብሹን ማን ነው የሚያዘጋጅላት?»

«ራሷ። እኔ የልቧን መድኃኒት ብቻ ነው ከፋርማሲ የማመጣላት። አብሹን ለስኳሯ ብላ ማታ ትዘፈዝፈዋለች፣ ጠዋት በባዶ ሆዷ ትጠጣዋለች። ውሃውን ቀይራ፣ መራራውን አውጥታ ብትጠጣ ምናለ ስንላት፣ መራራው ነው መድኃኒቱ ትላለች።»

«ልጅሽ ቤቴል የት ናት?»

ድስቱ ላይ የነበረው እጅ ቆመ። «ሁለተኛ ፎቅ፣ ርብቃ ጋ። ይህን እንዳታይ ብዬ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው እኮ። በግንቦት ካናዳ እንሄዳለን፤ ወጥቶልናል።»

«እንኳን ደስ ያላችሁ» አለች ዘርትሁን። ፊቷ ላይ ግን ደስታ አልነበረም።

ከዚያ ሱሌይማንን ወደ በረንዳው ጠራችው። «ፈለቀች ሰሞኑን ምን አስቸግራህ ነበር?»

«እሷ መቼ አስቸግራ ታውቅና...» ብሎ ጀመረና ድምፁን ቀነሰ። «ትናንት ደውላ ነገ ማክሰኞ 6ኛ ኦክቶበር ከተማ ካለው የስደተኞች ቢሮ አብሬያት እንድሄድ ጠየቀችኝ። የልጅ ጉዳይ ነው አለች። የማን ልጅ ብላት፣ የእህቴ አለችኝ።»

«እህቷ ሞታለች።»

«ዘጠኝ ዓመቷ፤ በወለደች በሦስት ወሯ። እኛ ነን የቀበርናት።»

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ዘርትሁን ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበች። ሄለንን ራሷ በእጇ ይዛ አስገባቻት፤ ይትባረክ ወንበሩን ከእሷ አራቀ። ፈለቀች ነጠላ ለብሳ በተከፈተው በር ትታያለች።

«በመጀመሪያ ስለ ዓሣው» አለች ዘርትሁን። «የፍሲኽ መርዝ ዓይን ያፈዛል፣ አፍ ያደርቃል፣ ጉልበት ይነሣል። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ቀን፣ ከዚያም በላይ ይፈጅበታል። ሰውየውም እስከ መጨረሻው ልቡን አይስትም። ፈለቀች ትናንት አልበላችም፤ ክዳኑ እንኳ አልተከፈተም ነበር። ዛሬ ጠዋት ብትበላ ደግሞ ሦስት ሰዓት ላይ አትቃዥም። ከግድግዳ ላይ የሌለ ነገር የምትለቅም፣ ሙታንን የምትጠራ ሴት ፍሲኽ አልመረዛትም።»

«ታዲያ ምን?» አለ ይትባረክ።

«ያንተ የትኋን ውሃ። ጎጃም ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ አፍ ይደርቃል፣ ልብ ይጋልባል፣ ሰው ይቃዣል። ፈለቀች ደግሞ ልቧ ደካማ ነበር።»

ይትባረክ ብድግ አለ። «እኔ ነኝ ልትይ ነው?»

«ቁጭ በል። አብሽ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ሲያድር ልጋጉ ወጥቶ ውሃውን ያወፍረዋል። የፈለቀች ብርጭቆ ውስጥ ፍሬው አብጧል፤ ውሃው ግን ቀጭን ነው። አንድ ሰው ያደረውን ውሃ ደፍቶ በሌላ ተክቶታል። ምሬቱ እንደሁ አያስጠረጥርም፤ እሷ የለመደችው መራራውን ነው። ይህን ከእናንተ ውስጥ ማንም ማድረግ ይችላል። ሳህኑን ግን ማዘጋጀት የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ሳህኑን ከመኝታ ቤት አምጥታ መሀል ላይ አኖረችው። «ሱሌይማን፣ ስልክህን አውጣ። ስድስት ሰዓት ላይ ሽንኩርቱ ምን ይመስል ነበር?»

ሱሌይማን ስልኩን አየ። ሳህኑን አየ። መልሶ ስልኩን አየ። «ነጭ ነበር። ጠርዙ ብቻ ወይን ጠጅ። አሁን ሁለመናው ሮዝ ሆኗል።»

«ከዚያ ወዲህ አልነካሁትም። ቀይ ሽንኩርት ሎሚ ሲገባው ቀለሙን ይለቅና ሮዝ ይሆናል፤ ይለሰልሳል። ጠዋት ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ እኔ ስመጣ እንደዚህ ሆኖ ነበር የማገኘው። እኔ ያገኘሁት ግን ቀጭ ይል ነበር። ሎሚው የተጨመቀው እኔ ከመድረሴ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። ያን ጊዜ ፈለቀች ወይ ስታጣጥር ነበር፣ ወይ ሞታ ነበር። ፍሲኽ የምትበላበት ጉልበት አልነበራትም።»

ዓለምነሽ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች።

«ሄለን የመጣችው አምስት ሰዓት ተኩል፣ ሬሳው በሰው ከተከበበ በኋላ ነው። ይትባረክ አራት ሰዓት ላይ ዘበኛውን አስከትሎ ገብቶ አብሮት ወጥቷል፤ የተመለሰው ሱሌይማን ሲጠራው ነው። ዓለምነሽ፣ ፍሲኽ ነክተሽ አታውቂም። ታዲያ ጣቶችሽ ለምን ሎሚ ይሸታሉ?»

«ሻይ ላይ ጨምቄ ነው።»

«ሰው የሚሞትበት ክፍል አጠገብ ሻይ? የዓሣ ሽታ በሳሙና እንደማይለቅ፣ በሎሚ እንደሚለቅ አብሳይ ያውቃል። የሄለንን እጅ አሽትቻለሁ፤ የጽዳት ሥራዋ ክሎር እንጂ ሎሚም ዓሣም የለበትም።»

«ለምን እገድላታለሁ?» አለች ዓለምነሽ። «ከአንድ ቀበሌ ነው የመጣነው።»

«ነገ ስደተኞች ቢሮ ልትሄድ ነበር። ቤቴል የሟች እህቷ እንጂ ያንቺ ልጅ እንዳልሆነች ልትናገር።»

ዓለምነሽ እጇን ከነጠላዋ አወጣች።

«ቤቴልን በሦስት ወሯ ውሰጃት ብያት ነበር። ‹የሥራ ሰው ነኝ፣ ሕፃን የት አደርጋለሁ› አለችኝ። ዘጠኝ ዓመት አሳድጌ፣ ፋይሉ ወጥቶ፣ ቲኬት ሲቀረን ደሜ ናት፣ አገር ቤት ለእናቴ እልካታለሁ አለች። እንድትሞት አላልኩም። ለሁለት ቀን እንድትተኛ ነበር። ማክሰኞ እንዲያልፍ። ልቧ እንደማይችል በምን አውቃለሁ?»

«የልቧን መድኃኒት ከፋርማሲ የምታመጪላት አንቺ ነሽ።»

ዓለምነሽ የነጠላዋን ጥለት ጣቷ ላይ ጠቀለለች።

«ይሁን፣ አላሰብሽም እንበል» አለች ዘርትሁን። «ሦስት ሰዓት ላይ ስትቃዥ አየሽ። ለይትባረክ ሐኪም ጠርቻለሁ አልሽው። ሱሌይማን ጋ የደወልሽው አምስት ሰዓት ላይ ነው፤ ሞተች ብለሽ። መካከሉ ሁለት ሰዓት ነው። ለአምቡላንስ የሚበቃ ጊዜ ነበር። አንቺ ሽንኩርት ከተፍሽ። ዓሣው በሄለን በኩል እንደገባ ታውቂያለሽ፤ ሄለን የት እንደምትላክም ታውቂያለሽ።»

«ልጄን ሊወስዱብኝ ነበር» አለች ዓለምነሽ።

ከታች የመኪና በር ሲዘጋ ተሰማ። ሱሌይማን ደብዳቤውን አውጥቶ ከአራት ቀደደው፤ ወደ ሄለንም ዞረ።

«ሄለን፣ እህቴ፣ ማሌሽ።»

«ማሌሽ ሜትሮ ውስጥ እግር ለረገጠ ሰው ነው» አለች ሄለን።

«ፖሊስ ወረቀት ይጠይቃል» አለች ዘርትሁን። «ያንቺ አያስፈልግም፤ ቃል የምሰጠው እኔ ነኝ። በአገልግሎት ደረጃው ውረጂ። አሁኑኑ።»

ሄለን ቦርሳዋን አንሥታ ወጥ ቤት ባለው በር ልትወጣ ስትል ዓለምነሽ ጠራቻት።

«ሄለን። ርብቃ ማታ ሥራ ትገባለች። ቤቴል ከማላውቀው ሰው ጋር እንዳታድር። ካንቺ ጋር ትስማማለች። እባክሽ።»

ይትባረክ በአፍንጫው ሳቀ። ሄለን የበሩን እጀታ እንደያዘች ቆመች፤ ማንንም አላየችም።

«እወስዳታለሁ» አለች። «ግን እናቴ የት አለች ስትለኝ አልዋሻትም።»

«ምን ብለሽ ትነግሪያታለሽ?»

የሄለን ኮቴ በብረቱ ደረጃ ላይ ወደ ሁለተኛው ፎቅ ሲወርድ፣ የፖሊሶቹ ደግሞ በፊት ለፊቱ ደረጃ ሲወጣ፣ ዓለምነሽ ሁለቱንም ትሰማ ነበር።