ጎማው የደበቀው አማና

መኪናው መቶ ላይ ሲደርስ መሪው ወባ እንደያዘው ሰው ተንዘፈዘፈ።

ሹፌሩ ፉኣድ በሁለት እጁ ጨመደደው። ባሰበት። ከኋላ የተሳፈሩት የመካ ተጓዦች፣ ዑምረኞቹ፣ ሞት የመጣ መስሏቸው ተራ በተራ ሸሃዳ ማሰማት ጀመሩ። ወደ ሰማንያ ሲያወርደው መኪናው ምንም እንዳልተፈጠረ ጭጭ። መቶ ሲያስገባው እንደገና ዝፍዝፍ።

ጉድ እኮ ነው! አራቱም ጎማ አዲስ፣ ቸርኬው አዲስ፣ የተገጠመው ደግሞ ገና ሐሙስ ዕለት፣ ጅዳ፣ ኑዝላ ሰፈር፣ ጀሚ የሚባል ጎሚስታ ዘንድ። ፉኣድ ተሳፋሪዎቹን መካ አራግፎ ወደ ጅዳ ሲመለስ በልቡ ፍርዱን ጨርሶ ነበር። አዲሱን ጎማዬን ሸጦ አሮጌ ገጥሞልኛል። ሌባ!

ኑዝላ ውስጥ ጠብ ሲነሳ ሰው ቶሎ ፖሊስ አይጠራም። ግማሹ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የለው፣ ማን ማንን ይጠራል? የሚጠራው ሃምሳ አለቃ ሸምሰዲን ነው። ደሴ እያለ የወንጀል መርማሪ ነበር፤ አሁን ከጀሚ ጎን ባለች ሱቅ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል። ማዕረጉን መንግሥት ከረሳው ቆይቷል፤ ኑዝላ ግን አልረሳችበትም።

ሸምሰዲን ከዐስር ሶላት ሲመለስ ፉኣድን የጀሚን ኮሌታ አንቆ አገኘው።

«ልቀቀው» አለ።

«ሃምሳ አለቃ፣ እርስዎ አይግቡበት! ሊገለኝ ነበር እኮ! ሰው ጭኜ!»

«ልቀቀውና አስረዳኝ። ከታነቀ አንገት ቃል አይወጣም።»

ፉኣድ ለቀቀው፤ ጣቱን ግን አልሰበሰበም። «ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ እስኪደርስ ጊዜ ሰጥቼዋለሁ። ኻላስ! ካላመነ ጀዋዛት እደውላለሁ።»

የኢሚግሬሽን ፖሊሶች ስም ሲጠራ ግቢው ውስጥ የቆሙት ሁሉ ወደ ጀሚ ዞሩ። ጀሚ በየመን በኩል ባሕር ተሻግሮ የገባ፣ ኢቃማ በእጁ ነክቶ የማያውቅ ሰው ነው። ከመጡበት ዛሬ እስር ቤት፣ ከዚያ አውሮፕላን፣ ከዚያ ባዶ እጁን አገሩ ባቲ። ይህን ለማወቅ መርማሪ መሆን አያሻም።

ሸምሰዲን በርጩማ ስቦ ከጀሚ ፊት ተቀመጠ።

«ጎማውን ለውጠሃል?»

«ወላሂ አልለወጥኩም።»

«ቸርኬው ከእጅህ ወድቋል? ተጣሟል?»

«አልወደቀም።»

«ታዲያ ምን አድርገህበታል?»

ጀሚ ዝም። ዐይኑን መሬት ላይ ተከለ።

«አዩት?» አለ ፉኣድ። «አፉ ተያዘ!»

ሸምሰዲን አልመለሰለትም። በደሴ ስንት ዓይነት ዝምታ አይቷል! ሌባ ዝም ሲል ዐይኑ በር በሩን ነው የሚያየው። ይሄ ሰው ግን ወደ በሩ ዘወር እንኳ አላለም። ሸክም ያለበት ዝምታ ነው። የራሱ ይሁን የሌላ ሰው ገና አልለየለትም።

ተነስቶ እጅጌውን ሰበሰበ። ጎማዎቹ ጎን ላይ የተመረቱበት ዘመን ተቀርጿል፤ ዘንድሮ። ጥርሳቸው ላይ ያለው የጎማ ፀጉር እንኳ ገና አልረገፈም።

«ፉኣድ፣ ጎማህ አልተሸጠም። የራስህ ነው።»

«እንግዲያ ገጠማው ነው!»

ቡሎኖቹን አንድ በአንድ ፈተሸ። ጠብቀዋል። ጎማውን አወረደና የሚያርፍበትን ቦታ በጨርቅ ጠራርጎ አየ። ዝገት የለም፣ ቸርኬው ልክክ ብሎ ነው የተቀመጠው።

«የድሮዎቹ የት አሉ?»

ጀሚ ወደ ጥግ አመለከተ። የድሮዎቹን ጎማዎች አስገጥመው ሸምሰዲንና ፉኣድ ወደ አውራ ጎዳናው ወጡ። መቶ። መቶ ሃያ። መሪው እንደ አልጋ ጸጥ አለ። ፉኣድ አኮረፈ።

«መኪናው ነጻ ወጣ» አለ ሸምሰዲን። «ተጠርጣሪዎቻችን አራቱ አዲሶቹ ናቸው።»

ተመልሰው አዲሶቹን ማዶ ወዳለው፣ የጎማ ክብደት ወደሚያመጣጥነው የባላንስ ማሽን አንከባለሏቸው። ማሽኑ የመጀመሪያውን አሽከርክሮ፣ ማመጣጠኛው እርሳስ እዚህ ጋ ይለጠፍ አለ። ለጠፉ። ድጋሚ ሲያሽከረክረው ደግሞ የለም፣ በዚያኛው ጎን ነው አለ። እንደገና ሲሞክሩት ሌላ ቦታ።

«ማሽኑ ሰክሯል!» አለ ፉኣድ።

«እናያለን።» ሸምሰዲን ከድሮዎቹ አንዱን ጫነበት። ደጋግሞ አሽከረከረው። ያው መልስ፣ ያው ቦታ።

ያን ጊዜ የሸምሰዲን ሽበታም ቅንድብ ወደ ላይ ተሰቀለ። ይህን ደስታ ካገኘው ቆይቷል። «ምስክር በጠየቅኸው ቁጥር ቃሉን ከለወጠ፣ ወይ ይዋሻል፣ ወይ የሚያየው ነገር አንድ ቦታ አይረጋም። ማሽኑ እንደማይዋሽ አይተናል። እዚህ ጎማ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር አለ።»

ጎማውን አንስቶ ጆሮው ሥር ናጠው።

ቦጭ ቦጭ።

«ውሃ!» ፉኣድ ጮኸ። «ውሃ ሞልቶብኝ! ሆን ብሎ!»

ሸምሰዲን አየሩን ሊያስተነፍስ ወደ ቫልቩ ጎንበስ ሲል፣ እስካሁን ድንጋይ ሆኖ የቆየው ጀሚ ዘሎ እጁን ያዘው።

«መሬት ላይ አያፍስሱት! በአላህ ይሁንብዎ! ንጹሕ ሳፋ ላምጣ።»

አጃኢብ! ሊያስሩት ያፋጠጡት ሰው ስለ ሳፋ ንጽሕና ይጨነቃል። ሸምሰዲን ፈቀደለት። ጀሚ ሳፋውን አጥቦ፣ አለቅልቆ አመጣና ጎማውን ከቸርኬው አላቀቀ። አንድ ብርጭቆ የምትሆን ውሃ ተንቆረቆረች። የጎማ ሽታ ይዛለች። ሸምሰዲን ጣቱን ነክሮ ላሰና ሳፋውን ወደ ፉኣድ ገፋው።

«አንተ መካ ተወልደህ መካ ያደግህ ነህ። ቅመሰው።»

ፉኣድ ፊቱን አጨማዶ ቀመሰ። ከጎማው ምሬት በታች ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሚያውቃት ያቺ ከበድ ያለች፣ ጨው ጨው የምትል ጣዕም አለች። ፊቱ ተለወጠ።

«ዘምዘም! የመካው የተባረከ ውሃ!»

«ሐሙስ ዕለት ከማን ጋር ነበር የመጣኸው?»

«ከእማዬ ጋር። እኔ ልሰግድ መስጊድ ስገባ እሷ እዚሁ ወንበር ላይ…» ፉኣድ ወደ ወንበሩ ዞረ።

ሸምሰዲን ጀሚን አየ። ጀሚ አሁንም መሬት መሬቱን ነው የሚያየው። ወይ ጉድ! ሸክሙ የሰው ነበር።

የፉኣድ እናት ሐጃ ዙበይዳ ያን ቀን እዚያው ጅዳ፣ ባግዳዲያ በሚባል ሰፈር፣ ሌላ ልጃቸው ቤት ነበሩ። በስልክ ነገሩን ሲሰሙ አልካዱም፣ አልተከራከሩም። ታክሲ ይዘው መጡ። ወርደው ልጃቸውን ሳይሆን ጀሚን ነው ቀድመው ያዩት።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ። ልጁን ተዉት።»

«እማዬ፣ ጎማ ውስጥ?» አለ ፉኣድ።

«ታዲያ የት ላድርገው?» አሉ። «ወንድምህ ኢልያስ በዚሁ የመካ መንገድ ጎማ ፈንድቶበት ሬሳውን ካመጡልኝ ወዲህ፣ አንተ ቤት እስክትገባ እንቅልፍ በዐይኔ አይዞርም። ዱዓ የተደረገበት ክር መስታወትህ ላይ ባስር፣ ሽርክ ነው፣ በአላህ ማጋራት ነው ብለህ ጮኸህብኝ በጠስከው። መሪህን ዘምዘም ልቀባው ብል ሳቅህብኝ። ከማታይበት ከተትኩት፣ ልጄ! መኪናውን ያናውጣል ብዬ መች አወቅሁ? ይሄን ልጅ ለምኜ፣ ለፉኣድ እንዳትናገር ብዬ አስምዬው ነው።»

ጀሚ አሁን አፉን ፈታ። «ባላንሱ ካለቀ በኋላ አየሩን አስተንፍሼ በአራቱም ጎማ ቫልቭ ቀዳዳ በስሪንጅ አስገባሁት። ትንሽ ስለሆነ ይደርቃል ብዬ ነው። እንዲህ የሚያንቀጠቅጥ መስሎኝ አይደለም፣ ወላሂ።»

«አንተስ» አለ ሸምሰዲን፣ «ኮሌታህን ሲያንቁህ፣ ጀዋዛት ሲባል፣ ለምን አልተነፈስክም?»

ጀሚ እጁን በቱታው ጠራረገ። «አማና ነው፣ አደራ ነው፣ ሃምሳ አለቃ። ደግሞም…» ወደ ሐጃ ዙበይዳ አየ። «ለሥራዬ ምን ልስጥህ ሲሉኝ፣ እናቴ ሀጀር ባቲ ታማ ተኝታለች፣ እኔ ኢቃማ ስለሌለኝ የመካን ኬላ አላልፍም፣ ሐረም መስጊድ ገብተው ዱዓ ያድርጉላት አልኳቸው። እሺ አሉኝ። ምስጢራቸውን ካወጣሁ ዱዓው የሚቀርብኝ መሰለኝ።»

ሐጃ ዙበይዳ ቀርበው በግሪስ የጠቆረ እጁን በሁለት እጃቸው ያዙ። «አልቀረብህም። ትናንት ጁምዓ ከዕባ ፊት ለፊት ቆሜ ሀጀርን በስሟ ጠርቻታለሁ። ከልጆቼ አስቀድሜ!»

ያ በኮሌታው ሲንጠለጠል ያላለቀሰ ሰው አሁን ፊቱን አዙሮ ተንሰቀሰቀ።

ፉኣድ የሚገባበት ጠፋው። መጀመሪያ የእናቱን ጉልበት ሳመ። «ይቅር በይኝ፣ እማዬ። ፍርሃትሽን አላየሁልሽም።» ከዚያ ወደ ጀሚ ሄደ። «ዐውፍ በለኝ፣ ወንድሜ። ቤትህን ላፈርስ ነበር።»

«ዐውፍ ብያለሁ። እኔም ብሆን እናደዳለሁ።»

«አይ፣ አይበቃም። እናትህ ታማለች፣ መምጣት አትችልም። ለራሴ ስንቴ ዑምራ አድርጌያለሁ! ነገ ነጩን ኢሕራም ለብሼ ለእናትህ አደርግላታለሁ። ከዕባን መዞሩን፣ ጦዋፉንም፣ በኮረብቶቹ መሃል መመላለሱን፣ ሰዕዩንም በሷ ስም። ኢንሻአላህ።»

ሸምሰዲን የሰበሰበውን እጅጌ ፈታ። በደሴ ያን ሁሉ ዓመት ሲሠራ ፋይል የዘጋው በካቴና ነበር። ያ ረቢ፣ ምስጋና ለአንተ ይሁን፤ እንዲህም የሚዘጋ ፋይል አለ ለካ! የቀሩትንም ውሃ ሳፋው ውስጥ አጠራቅመው ጎማዎቹን አደረቁ፣ ማሽኑ አሁን ደጋግሞ አንድ ቃል ተናገረ። ሳፋውን ሐጃ ዙበይዳ ራሳቸው አንስተው መስጊዱ ደጅ ካለው ዛፍ ሥር አፈሰሱት።

ጀሚ ስልኩን አውጥቶ ባቲ ደወለ። ሁሉም እንዲሰሙ ድምፁን ከፍቶ በርጩማው ላይ አስቀመጠው።

«እማ፣ ትሰሚኛለሽ? ነገ ዑምራሽ ሊደረግልሽ ነው። አንድ ወንድሜ በስምሽ ሊያደርግልሽ ነው፣ እማ።»

ከወዲያ በኩል ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። ከዚያ የደከመ፣ ግን የጠራ የሴት ድምፅ መጣ።

«ሳያውቀኝ እንዲህ ያሰበልኝ የማን ልጅ ነው? አላህ ለወለደችው ያቆይላት! ከመንገድ ክፉ ይጠብቅላት!»

ሐጃ ዙበይዳ ፉኣድን ክንዱን ጥብቅ አድርገው ያዙና ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ።

«አሚን» አሉ። «አሚን፣ እህቴ።»