ያላደረሰችው ጥያቄ

«ምን አሉ?» አለ አባቷ የዓይን ሐኪሟ ፊት ተቀምጦ፣ ጆሮውን ወደ ሚጣ አስጠግቶ።

አባቷ በያጅ ነው። የብረት መቁረጫው ጩኸት ከዓመት ዓመት ጆሮውን ስለጎዳው፣ የሰው ንግግር የሚገባው ሚጣ ጠጋ ብላ ስትደግምለት ነው። አሁን ደግሞ ግራ ዓይኑ ውስጥ ካንሰር ተገኝቷል። ይህን ሳትደብቅ ነግራዋለች። በሚቀጥለው ሳምንት በቀዶ ሕክምና ዓይኑ ላይ ጨረር የሚሰጥ ትንሽ ሳህን መሰል ነገር እንደሚሰፋለትም ነግራዋለች። ሐኪሟ አሁን ያነሳችው ነገር ግን ምላሷን አሰረው።

«በዚያው ቀዶ ሕክምና በቀጭን መርፌ ከዕጢው ናሙና ልንወስድ እንችላለን» ብላ ነበር ሐኪሟ። «የዓይናቸውን ሕክምና አይቀይረውም። የሚነግረን ወደ ጉበት የመዛመት ዕድሉ ምን ያህል እንደሆነ ነው፤ ክትትሉን በዚያ ልክ እናደርጋለን። ትንሽ ሊደማ ይችላል፤ ደሙ ግን አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል። መርፌው ካንሰሩን ይበትነዋል ተብሎ ይፈራል፤ ያ ግን የሚያጋጥመው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። አባትሽ ማወቅ ይፈልጉ እንደሆነ ጠይቂልኝ።»

ሚጣ ወደ ጆሮው ጎንበስ አለች። «ትንሽ ሊደማ ይችላል አሉ።»

«አይ! ብረት ስንቴ አድምቶኝ የለ?» ብሎ ራሱን እየነቀነቀ ሳቀ።

ሚጣ ቀና አለችና ሐኪሟን «አይፈልግም» አለቻት።

ወደ ብየዳ ቤቱ ሲመለሱ አባቷ ለባልደረባው፣ «ጆሮዬ እሷ ናት፤ አንዲት ቃል አታስቀርብኝም!» አለው። ሚጣ የምትገባበት ጠፋት።

በማግስቱ ትምህርት ቤት ለጓደኛዋ አወራቻት። «አቦ አታካብጂ!» አለች ጓደኛዋ። «ፋዘርሽን ከጭንቀት ገላገልሽው። ደግሞ መርፌው ይበትነዋል ይባል የለ?»

ሚጣ ይህችን ሰበብ ይዛ መተንፈስ አምሯት ነበር። ግን ያ የሚያጋጥመው እጅግ አልፎ አልፎ እንደሆነ ሐኪሟ አስቀድማ ነግራታለች። ደግሞም ጉበት የሚለውን ቃል የፈራችው እሷ እንጂ አባቷ አልነበረም።

ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ብየዳ ቤቱ ሄደች። ማሽኑን እስኪያጠፋ ጠብቃ፣ ጉበት የሚለውን ቃል ጨምሮ ሁሉንም በጆሮው ነገረችው። አባቷ ጓንቱን አውልቆ፣ እያገላበጠ ያየው ጀመር።

«እና አልፈልግም ያልኩት እኔ ነኝ?»

«አይ፣ አባዬ። እኔ ነኝ።»

ቢጮህባት ይሻላት ነበር። «ነገ እንሄዳለን» ብቻ አለ።

በነጋታው ሐኪሟ እንደ ልማዷ ወደ ሚጣ ዞረች። ሚጣ ከወንበሯ ተነሳች። «አይፈልግም ያልኩት ከራሴ ነው። እሱ ጥያቄውን አልሰማም» አለች፤ ቀና ብላ ማየት አቅቷት። «እዚህ ይቀመጡና በቀኝ ጆሮው ጠጋና ረጋ ብለው ይንገሩት። እንደዚያ ሲሆን ይሰማል።»

ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ቆመች። አባቷ ድምፁን መመጠን አይችልምና፣ ንግግሩ በሩን አልፎ ተሰማት።

«እስቲ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።»

ከዚህ በኋላ ያለውን ቀድሞ የሚሰማው እሱ ይሁን ብላ፣ ሚጣ ከበሩ ራቅ አለች።