ማስታወቂያው እስኪያልቅ

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ የሆነውን ብቻ ነው የምነግራችሁ... አንዲት ቃል አልጨመርኩም።

ሌሊት አልነበረም። እሁድ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ውጭ አናት የሚበሳ ፀሐይ እያለ፣ ሰው ጢም ብሎ በሞላበት ሲኒማ ቤት ውስጥ ነው የሆነው።

መጀመሪያ ግን ስለ ባሌ ልንገራችሁ።

ባሌ ፍራሽ ሠሪ ነበር። ስፖንጅ ይቆርጣል፣ ጨርቅ ይወጥራል፣ ይሰፋል። በሥራው ሲኮራ ለጉድ ነው። የጨረሰውን ፍራሽ በመዳፉ ጫን ያደርግና ይለቀዋል። ፍራሹ ወዲያው ቀና ሲል ወደ እኔ ዞሮ «አየሽ? ጥሩ ፍራሽ የተነሳበትን ሰው ወዲያው ይረሳል» ይለኛል።

በዚህ ዓለም ላይ አምርሮ የሚጠላው አንድ ነገር ቢኖር ፊልም ከመጀመሩ በፊት የሚታየውን ማስታወቂያ ነው።

«ለፊልም ከፍዬ በሳሙና የሚያሹኝ፣ እኔ ልብስ ነኝ እንዴ?» ይላል።

መጀመሪያ መጀመሪያ ወንበሩ ላይ ሆኖ ይጮህ ነበር። «ኧረ በቃ! ቀለሙን ገዛን! ስልኩንም ገዛን! ጀምሩልን!» ሰው ይስቃል። እኔ በሃፍረት መግቢያ ይጠፋኛል።

በኋላ መላ ዘየድን። እኔ የፊልም መጀመሪያ ካመለጠኝ ቀኑን ሙሉ የምነጫነጭ ሰው ነኝ። «ችኩሌ» ብሎ የሚጠራኝም ለዚሁ ነው። ስለዚህ እኔ ቀድሜ እገባለሁ። ቡናማ ጃኬቴን አውልቄ አጠገቤ ላለው ወንበር አለብሰዋለሁ፤ አንገቱን ወደ ላይ አድርጌ፣ እጅጌዎቹን ወደ ውስጥ አጥፌ። ቦታ የምይዝለት በዚያ ነው። እሱ ኮሪደሩ ላይ ከቲኬት ቆራጩ ሽማግሌ ጋር ወሬ ይሰልቃል።

ማስታወቂያው አልቆ ስክሪኑ ለአፍታ ሲጨልም... በጨለማው መጥቶ ትከሻዬን በሁለት ጣቱ ነካ ያደርገኛል።

«አለቀ?»

«አለቀ። ተቀመጥ።»

ጃኬቱን አነሳለታለሁ፤ ይቀመጣል። ከተጋባን ጀምሮ እንዲሁ ነበርን።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ?

አንድ ጊዜ አሠሪው ለፍራሾቹ ማስታወቂያ ሊያስቀርፅ ተነሳ። ካሜራው ተተክሎ፣ መብራቱ በርቶ፣ የተቀጠረው ተዋናይ ቀረ። አሠሪው ጨነቀው። ባሌን ሰማያዊ ፒጃማ አልብሶ «በል፣ የሰፋኸው አንተ፣ የምትተኛበትም አንተ!» አለው።

ተኛ። ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ዓይኑን ይገልጣል፣ ቀና ብሎ ይቀመጣል፣ ፈገግ ይልና «ደህና አደራችሁ!» ይላል። በቃ፣ ማስታወቂያው ይኸው ነው።

እዚያው ሲኒማ ቤታችን መታየት ሲጀምር ለመንኩት።

«አንተ ሰውዬ፣ ዛሬ እንኳ ግባና እይ! እንዴት እንዳማረብህ!»

«ሞቼ ልገኝ!» ብሎ ኮሪደሩ ላይ ቀረ። ብቻዬን ሳቄን አፍኜ አየሁት።

ብዙም አልቆየ...

አንድ ቀን ጠዋት «ደህና አደርክ?» ብለው አልመለሰልኝም።

ራሱ በሰፋው ፍራሽ ላይ፣ በነጭ ካናቴራው፣ ፊቱን ወደ እኔ እንዳዞረ ነበር። ካናቴራው በዚያው ሳምንት ትከሻው ላይ ተቀዶ፣ ነጭ ክር አጥቼ በጥቁር ክር ጠቅሜለት ነበር። «ግድ የለም፣ ካንቺ በቀር ማን ያየዋል?» ብሎኝ ነበር። ሐኪሙ «ልቡ ናት፤ አልተሰቃየም» አለኝ። አጠገቡ ተኝቼ... ምንም አልሰማሁም።

ለቅሶው አለፈ። ሰውም ወደየቤቱ ሄደ። እኔን ግን ቤቱ አላስቀምጥ አለኝ። ከዚያ ጠዋት ወዲህ አልጋችን ላይ ተኝቼ አላውቅም፤ አንጥፌው፣ በሩን ዘግቼ፣ ሶፋ ላይ ነው የማድረው። አንድ እሁድ እግሬ እየጎተተ ወደ ሲኒማ ቤቱ ወሰደኝ። ገብቼ ተቀመጥኩ። እጄ ልማዱን አልረሳም፣ ጃኬቴን አጠገቤ ላለው ወንበር አለበሰው።

ሳሙናው መጣ። ቀለሙ መጣ። ስልኩ መጣ።

ከዚያ... ባሌ።

ተኝቷል። ዓይኑን ገለጠ። ቀና አለ። «ደህና አደራችሁ!»

ነቃ! እናንተዬ፣ ነቃ እኮ! ያን ጠዋት ብወዘውዘው፣ ብጮህበት እምቢ ያለኝ ሰው እዚህ ዓይኔ እያየ ይነቃል። ፊልሙ ሲጀምር ምንም ሳላይ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ እሁድ በመጣ ቁጥር እሄዳለሁ። ሌላው ለፊልሙ ይመጣል፤ እኔ ለማስታወቂያው። ቲኬት ቆራጩ አንድ ቀን አላስችል ብሎት «ልጄ፣ ሰው ከማስታወቂያ ይሸሻል፤ አንቺ ከፊልም ትሸሻለሽ» አለኝ። እንባዬን ጠርጌ ወጣሁ። ሁለተኛ አልጠየቀኝም።

መጀመሪያ የታዘብኩት እንቅልፉ መርዘሙን ነው።

ቶሎ ይነቃ የነበረው ሰውዬ እየቆየ መጣ። ‘እኔው ቸኩዬ ነው’ ብዬ አለፍኩት። አዳራሹ ግን ያጉረመርማል። «ኧረ ምንድን ነው ይሄ ሁሉ!» «ፊልሙን ነገ ልታሳዩን ነው?» አንዱ ያፏጫል፣ ሌላው ወንበር ይደበድባል። ‘ዝም በሉ፣ ትቀሰቅሱታላችሁ’ ልላቸው ምንም አልቀረኝም። ለካ እኔም የምፈልገው እንዲነቃ ነው...

በሚቀጥለው እሁድ ሰማያዊው ፒጃማ የለም።

ነጭ ካናቴራ ለብሷል።

ትከሻው ላይ... ጥቁር ክር።

ክው አልኩ። ማስታወቂያው ሲቀረፅ ያ ካናቴራ ገና አልተቀደደም ነበር።

ከዚያ ቀጥሎ ባለው እሁድ አንሶላው ተቀየረ። የእኛ ቤት አንሶላ ነው፤ ባለ መስመሩ፣ ጫፉ በካውያ የተቃጠለው። ያቃጠልኩት እኔ ነኝ።

ከኋላዬ ሁለት ወጣቶች ሲንሾካሾኩ ሰማሁ።

«ስክሪኑ ምን ሆኖ ነው የጨለመው?»

«ተበላሽቶ ይሆናል።»

«ጨለማ ለማየት ነው እንዴ የከፈልነው?»

ዞር ብዬ አየኋቸው። ፊታቸው ድቅድቅ ጨለማ ነው። ወደ ራሴ ጉልበት ዝቅ ብዬ አየሁ... የስክሪኑ ብርሃን ቦግ ብሎ አርፎበታል።

ስወጣ በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ተመልካቹ ስላማረረ፣ ከሚመጣው እሁድ በኋላ ማስታወቂያ እንደማይኖር ይናገራል። ለቀጣዩ ፊልም የተሰለፈው ሰው አነበበና አጨበጨበ። እኔ ግን ግድግዳውን ተደግፌ ቀረሁ። ባሌን ለሁለተኛ ጊዜ ሊቀብሩብኝ ነው!

ሽማግሌውን ለመንኩት። ወደ ማሽን ክፍሉ ይዞኝ ወጣ። ፊልሙን የሚያጫውተው ኦፕሬተር ጠባብ ክፍል ውስጥ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል።

«ወንድሜ፣ የፍራሹን ማስታወቂያ ቅዳልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«የቱን ፍራሽ?»

«ሰውየው የሚተኛበትን... ከስልኩ ቀጥሎ ያለውን።»

ዞሮ አየኝ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እህቴ... እሱ እኮ የለም። ሰውየው እንደሞተ አሠሪው ደውሎ አስነሳው። ያን ጊዜ ነው ያጠፋሁት።»

«አሁን አየሁት! አሁን!»

ኦፕሬተሩ ሽማግሌውን አየ። ሽማግሌው አቀርቅሮ መሬቱን ያያል።

«ከስልኩ ቀጥሎ ጨለማ ነው» አለኝ ቀስ ብሎ። «ለአፍታ ይጨልማል፤ ከዚያ ፊልሙ ነው። ሌላ ምንም የለም።»

ጤነኛ ሰው ቢሆን ከዚያ ወዲያ በዚያ መንገድ አያልፍም። እኔም ፈርቻለሁ፣ አልዋሽም። ግን ናፍቆት ያለበት ሰው ፈርቶ የት ይደርሳል? መሞቱን አውቃለሁ። ቢሆንም በዚያች ጨለማ ውስጥ ካልሆነ ሌላ የት አገኘዋለሁ?

የመጨረሻው እሁድ ደረሰ።

ቀድሜ ገባሁ። ጃኬቴን አለበስኩለት። አንገቱን ወደ ላይ፣ እጅጌዎቹን ወደ ውስጥ።

ሳሙናው... ቀለሙ... ስልኩ...

ባሌ።

የእኛ አልጋ ላይ ነው። መስኮታችን፣ መጋረጃችን፣ ሁሉም አለ። ፊቱን ወደ እኔ ትራስ አዙሮ ተኝቷል።

ትራሴ ላይ ግን አንድ ነገር አለ። ዓይኔን ጠበብ አድርጌ አየሁ።

ቡናማ ጃኬት ነው... አንገቱ ወደ ላይ፣ እጅጌዎቹ ወደ ውስጥ የታጠፉ።

ቦታ ይዞልኛል።

ባሌ ዓይኑን ገለጠ። ቀና አላለም። ፈገግም አላለም። በቀጥታ እኔን አየኝ።

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ድምፁ ግን ከስክሪኑ አልመጣም።

ከጆሮዬ ሥር ነው። ትከሻዬ ላይም ሁለት ጣት አርፏል።

«አለቀ?»

የሳሙናና የስፖንጅ ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ዞር ማለት አቃተኝ። «አለቀ፣ ተቀመጥ» ማለት ነበረብኝ። ስንት ዓመት ያልኩት ቃል ነው። ግን ያን ቃል ካልኩ በእርግጥም ያልቃል። ማስታወቂያውም፣ እሱም፣ የእሁድ ዘጠኝ ሰዓቴም።

«አላለቀም» አልኩት። «ትንሽ ቆይ... ትንሽ ብቻ።»

በትዳራችን ዘመን ስለዚህ ነገር ዋሽቼው አላውቅም።

ጣቶቹ ቀስ ብለው ተነሱ። በጨለማው ውስጥ እንደ ድሮው ሳቅ ያለው ሹክሹክታ ሰማሁ።

«እሺ፣ ችኩሌ። ኮሪደሩ ላይ ነኝ።»

ስክሪኑ በራ። ፊልሙ ተጀመረ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። አጠገቤ ያለው ወንበር፣ ሰው ሲነሳለት እንደሚያደርገው፣ መቀመጫው ወደ ላይ ታጠፈ።

ጃኬቴ የለም።

እየተደነቃቀፍኩ ወደ ኮሪደሩ ሮጥኩ። ሽማግሌው ብቻውን በርጩማው ላይ ተቀምጧል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«አባባ! ሰው ወጣ?»

አንገቱን በአሉታ ነቀነቀ። ግን አጠገቡ ያለውን ባዶ ቦታ እያየ «ከማን ጋር ነው ሳወራ የቆየሁት?» አለኝ።

ቤቴ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ፀሐዩ ገና አልጠለቀም። የመኝታ ቤቱን በር ገፋ አደረግኩት።

ጃኬቴ በእኔ በኩል፣ ትራሴ ላይ ነው። አንገቱ ወደ ላይ፣ እጅጌዎቹ ወደ ውስጥ የታጠፉ።

በእሱ በኩል ደግሞ ያ የተነሳበትን ሰው ወዲያው የሚረሳው ፍራሽ... በሰው ልክ ጎድጎድ ብሏል።

አልነካሁትም። ዛሬም ሶፋ ላይ ነው የምተኛው። ጠዋት ጠዋት በሩን ገርበብ አድርጌ «ደህና አደርክ?» እለዋለሁ፤ መልስ የለም። ፍራሹ እንደጎደጎደ ነው። ጃኬቱም ቦታውን አይለቅም።

ዛሬ ጠዋት ግን አንዱ እጅጌ ተዘርግቶ ነበር... ወደ ጎድጓዳው፣ ወደ እሱ በኩል።