ቁልፉ ከተነቀለ በኋላ

ቁልፉ ብሎን የሚሏት ልጅ እጅ ውስጥ ነው። ከመኪናው ነቅላዋለች፤ መዳፏ ላይ ይዛ ሁለት ጊዜ አይታዋለች። ሞተሩ ግን አልጠፋም።

ጭራሽ ባሰበት። መጀመሪያ ጮኸ፤ ቀጥሎ አጓራ፤ ከዚያ ብሎን በአሥራ አምስት ዓመት ዕድሜዋ ከየትኛውም መኪና ሰምታ የማታውቀው ድምፅ ማውጣት ጀመረ። መሪው፣ ወንበሩ፣ በሩ፣ ሁሉም ይንቀጠቀጣል። ከኋላ የሚትጎለጎለው ጭስ ግቢውን ሞልቶ በአጥሩ ላይ ወደ መንገድ ተሻግሯል።

«አጥፊው እንጂ» አለ ወንድሟ ከተከፈተው ኮፈን በኩል እየጮኸ።

«አጥፍቼዋለሁ» አለችና ቁልፉን በመስኮት አውጥታ አሳየችው።

ወንድሟ ቁልፉን አየ። ሞተሩን አየ። ተመልሶ ቁልፉን አየ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ስለ መኪና የማላውቀው ነገር የለም ብሎ የሚያምን፣ ሌላውንም የሚያሳምን ዓይነት ሰው። አሁን ግን ክው ብሎ ቀርቷል። ብሎንን ከሞተሩ ይልቅ ያስደነገጣት የእሱ ፊት ነው። እሱ ካላወቀ ማን ሊያውቅ ነው?

እናታቸው የልኬት ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ከቤት ወጣች። «ምንድነው? ምን አደረጋችሁት?» ወደ መኪናው ሁለት እርምጃ ሄደችና ሦስት ወደ ኋላ ተመለሰች። «አንቺ ልጅ፣ ውጪ ከዚያ ውስጥ፤ ውጪ አልኩሽ!»

ብሎን ወጣች። እግሯ መሬት መርገጡን እንኳ አላወቀችም።

በዚህ መሃል የግቢው በር ተበርግዶ ጋሽ ብልጭታ ገቡ። ከመንገዱ ማዶ ያለው የብየዳ ቤት ባለቤት ናቸው፤ ቅጽል ስሙን ያወጣላቸው አርባ ዓመት ሙሉ ከእጃቸው ያልጠፋው የብየዳ ብልጭታ ነው። ሲሮጡ አይቻለሁ የሚል ሰው በሰፈሩ የለም፤ ዛሬ ግን ሮጡ። መኪናው አጠገብ ካለው የልጆቹ የሥራ ጠረጴዛ ላይ እጃቸው የገባውን የመጀመሪያ ነገር አፈፍ አደረጉ፤ የብሎን የፊዚክስ መጽሐፍ ነበር። ገና ማጣሪያ ያልተገጠመለት የአየር መሳቢያ አፍ ላይ ለጥፈው በሁለት እጃቸው ተጫኑት። መጽሐፉ ተንዘፈዘፈ፤ ሽፋኑ ወደ ውስጥ ሰረጎደ። ሞተሩ አንዴ ታነቀ፣ ሁለቴ ሳለና ጸጥ አለ። ያ መጽሐፍ ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ያለ ቁም ነገር ሠርቶ አያውቅም።

«ቁልፍ አያጠፋውም» አሉ ጋሽ ብልጭታ እያለከለኩ። «ናፍጣውን ትቶ የራሱን ዘይት መጠጣት ጀምሯል። ዘይቱ እስኪያልቅ ወይ እስኪፈነዳ ነው የሚሮጠው። አየር ካልነሳችሁት በቀር አይሰማችሁም። ትንሽ ብንቆይ ብረቱ ፊታችሁ ላይ ነበር የሚያርፈው።»

እናትየው ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ብሎን ደግሞ «ዘይት» የሚለውን ቃል ስትሰማ ከሁሉም በላይ ደነገጠች፤ ምክንያቱም ምን እንደተፈጠረ በዚያ ግቢ ውስጥ የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች።

መኪናዋ «ኤሊ» ትባላለች፤ ብሎንን በዓመታት የምትበልጥ አሮጌ የናፍጣ መኪና ናት። እናታቸው የተማሪ ዩኒፎርም ሰፍታ በእሷ ጭና ለትምህርት ቤቶች ታደርሳለች። ቤታቸው ዳገት አናት ላይ ነው። ኤሊ ጨርቅ ከተጫነባት ዳገቱን የምትወጣው እየለመነች ነው። አንድ ቀን በእግራቸው የሚሄዱ አንዲት ሴትዮ በመስኮት ሰላም ብለው፣ የልጆቹን ደህንነት ጠይቀው፣ ስለ ጤናቸውም አውርተው ሲያበቁ መኪናዋን ቀድመው ሄዱ። ያን ቀን ነው ወንድሟ «ተርቦ እንገጥምላታለን» ያለው።

ተርቦ ለሞተር ሁለተኛ ሳንባ ነው፤ የሚወጣው ጭስ ያሽከረክረውና ተጨማሪ አየር ወደ ውስጥ ይገፋል። አዲስ መግዛት የማይታሰብ ነበር። ጋሽ ብልጭታ ከተጋጨ የጭነት መኪና ላይ የተፈታ አንድ አገኙና በነፃ ሰጧቸው። ቧንቧዎቹንም ራሳቸው በየዱላቸው። ሁለት ወር ሙሉ ብሎን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ጥላ በቀጥታ መኪናው ሥር ነበር የምትገባው። «ብሎን» የሚለውን ስምም ወንድሟ ያወጣላት ያኔ ነው፤ ትንሽ ናት፣ ግን አንዴ ከያዘች አትለቅም።

ከዚያ የቱቦው ነገር መጣ። ተርቦ ውስጥ የገባ ዘይት ተመልሶ ሞተሩ ሥር ወዳለው የዘይት ገንዳ መውረድ አለበት፤ ለዚያ አውራ ጣት የሚያስገባ ሰፊ ቱቦ ያስፈልጋል። ጋሽ ብልጭታ ገንዳው ላይ አጭር የብረት አፍ በየዱ። ዘይት የማይበላውን ወፍራም ቱቦ ያመጣው ወንድሟ ነው፤ የኳስ ጫማውን ሰጥቶ ነው የለወጠው። «ይሄን የምትገጥሚው አንቺ ነሽ» አላት። «ያንቺ እጅ ነው እዚያ የሚገባው።»

እናቷ ልብስ ስትሰፋ «አስር ጊዜ ለካ፣ አንዴ ቁረጥ» ሳትል የምትውልበት ቀን የለም። ብሎን አንዴ ለካች፣ አንዴ ቆረጠች። አራት ጣት አጠረ። ብትጎትተው፣ ብታሞቀው፣ ብትለማመጠው አልደርስ አለ። መኪናው ሥር ተጋድማ ስለ ኳስ ጫማው አሰበች። ከዚያ ከዕቃ ማከማቻው ትንሽ ጣት የምታህል ቀጭን ቱቦ አምጥታ በሁለቱም ጫፍ ፕላስተር ጠምጥማ ገጠመችው። ከላይ ለሚያይ ምንም አይታይም።

«ገጠምሽው?» አላት ወንድሟ ያን ዕለት።

«ገጥሜዋለሁ።»

«ወፍራሙን?»

«የቱን ታዲያ?» አለችው፣ ደግሞ እንደ መሳቅ ብላ። ጎንበስ ብሎ እንኳ አላየም። ለጓደኞቹ «የእህቴ እጅ ከመካኒክ ይበልጣል» ሲል ነበር የሚውለው።

ዛሬ ኤሊን ከነተርቦዋ ለመጀመሪያ ጊዜ አስነሷት፤ አሁን ያ እጅ ኪሷ ውስጥ ተደብቋል። ዘይቱ በቀጭኑ ቱቦ መውረድ ሲያቅተው ተርቦው ውስጥ ሞልቶ፣ በአየር ቧንቧው በኩል ወደ ሞተሩ ገብቷል። ሌላ ምንም ሊሆን አይችልም።

ወንድሟ መጀመሪያ የዞረው ወደ ጋሽ ብልጭታ ነው። «የሞተ ተርቦ ነው የሰጡን» አለ። «እህቴ እዚያ ውስጥ ተቀምጣ ነበር እኮ፣ ጋሼ።»

ጭሱን አይተው አጥሩ ጋ የተሰበሰቡት ጎረቤቶች ወደ ሽማግሌው ዞሩ። እናትየውም ቀና ብላ «ልጆቼን ሊያሳጡኝ ነበር?» አለቻቸው፣ ቀስ ብላ። በቁጣ ብትናገረው ይሻል ነበር።

ብሎን ጋሽ ብልጭታ እንዲቆጡ ጠበቀች። እንዲህ ያለውን ነገር አይሸከሙም፤ በብየዳቸው የመጣባቸውን ሰው ከነብረቱ ነው የሚያባርሩት። ሽማግሌው ግን ፊታቸውን በክንዳቸው ጠረጉና መሬት መሬት አዩ።

«ተርቦውን አሽከርክሬ አይቼዋለሁ፤ ደህና ነበር» አሉ። «ብየዳዬ ነው የሚሆነው። የገንዳውን አፍ ስበይድ ብረቱ ወደ ውስጥ ፈስሶ ቀዳዳውን ደፍኖት ይሆናል። ዘይቱ መውረጃ አጥቶ ነው።» ዓይናቸውን አሹና ጨመሩ። «ዓይኔ እንደ ድሮ አይደለም። ዓመት ሊሆነው ነው፤ መስመሩ ይደበዝዝብኛል። ለማንም አልተናገርኩም። ይቅር በይኝ እህቴ።»

ብሎን «አይደለም» ማለት ነበረባት፤ አላለችም። ጋሽ ብልጭታ የግቢውን በር ቀስ አድርገው ዘግተው ወጡ። ወንድሟም «እስኪቀዘቅዝ ማንም እንዳይነካው» ብሎ ወደ ቤት ገባ።

አንድ ሰዓት ጠበቀች። እናቷና ወንድሟ ውስጥ ናቸው፤ የስፌት መኪናው ድምፅ የለም። ብሎን መኪናው ሥር ገባች። ለምን እንደገባች ራሷን አልዋሸችም። ቀጭኑን ቱቦ ፈትታ ልትጥለው ነው። ቱቦው ከሌለ ማንም ምንም አያውቅም፤ ወንድሟ ነገ ሲያይ ወፍራሙ በንዝረቱ ተፈናጥሮ የጠፋ ይመስለዋል፤ ነገሩም በጋሽ ብልጭታ ቃል ይዘጋል። ሽማግሌው ራሳቸው አመኑ አይደል? እሷ ምን አለች?

ፕላስተሩን ላጠች። ቱቦው ወለቀ፤ የቀረው ዘይት ክንዷ ላይ ፈሰሰ። ከዚያ፣ ማወቅ ስለፈለገች፣ አውራ ጣቷን ወደ ተበየደው አፍ አስገባች። ገባ። እስከ ሁለተኛው አንጓ ገባ። ዙሪያውን ዳሰሰችው፤ እብጠት የለም፣ ጠብታ የለም፣ ጣት የሚቧጭር ነገር እንኳ የለም። በሚደበዝዝ ዓይን የተሠራ ነው፤ ግን ከዚህ የበለጠ ንጹሕ ሥራ በእጇ ነክታ አታውቅም።

መኪናው ሥር እንደተጋደመች ከመንገዱ ማዶ ድምፅ ሰማች። አንዲት ሴት የተሰበረ የብረት ወንበር ይዛ መጥታ ኖሯል።

«ለነገ ያደርሱልኛል ጋሼ?»

«ሌላ ቦታ ሞክሪ ልጄ» አሉ ጋሽ ብልጭታ። «እኔ ከዛሬ ጀምሮ አቁሜያለሁ።»

«ምነው? አሞዎት ነው?» አለች ሴትዮዋ።

ብሎን ከመኪናው ሥር ወጥታ በአጥሩ ክፍተት አየች። ሽማግሌው የብየዳ ማሽኑን ገመድ በክንዳቸው ላይ እየጠቀለሉ ነው። ቀስ ብለው ነው የሚጠቀልሉት፣ ሳያጣምሙ። የግድግዳው መደርደሪያ ግማሹ ባዶ ሆኗል። አርባ ዓመት የሠሩበት ቤት ነው፤ በአንድ ከሰዓት ሊጨርሱት ነው። ብሎን ስትዋሽ ያሰበችው ስለ አንድ ጥንድ ጫማ ነበር፤ ስለ ሰው እጅ አላሰበችም።

ከኋላዋ የቤቱ በር ተከፈተ። ወንድሟ ነው፤ ፊቱን ታጥቧል፣ ዓይኑ ግን አሁንም ቀይ ነው። ክንዷ ላይ ያለውን ዘይት አየ። እጇ ላይ የተንጠለጠለውን ቀጭን ቱቦ አየ።

«ያ ምንድነው?» አላት።

ልትደብቀው ትችል ነበር። «ከታች ወድቆ አገኘሁት» ልትለው ትችል ነበር፤ እሱ ደግሞ ያምናት ነበር፤ ሁልጊዜ ያምናታል።

«እማዬን ጥራት» አለችው። «ጋሽ ብልጭታ ጋ እንሂድ።»

«እዚያ ምን አለ? ብሎን፣ ምን ሆነሽ ነው? እዚሁ ንገሪኝ።»

ብሎን የግቢውን በር ከፍታ ወደ መንገዱ ወጣች።

«እዚያ ነው የምናገረው» አለች። «ሁለት ጊዜ ማለት አልችልም።»