የማክሰኞው ፎቶ

አስከሬኗ የተገኘው ረቡዕ ረፋድ ላይ ነው። ከደረጃው ግርጌ ተደፍታ ወድቃለች። ያገኘቻት ጎረቤቷ ነበረች።

ሟች የፎቶ ቤት ሠራተኛ ነበረች። የሰው ሠርግና የሰው ጉርድ ፎቶ ስታትም ትውልና፣ ለራሷ ደግሞ በየጠዋቱ አንድ ፎቶ ታነሳለች። የሕይወቷን አንድ ዓመት፣ ቀን ሳትዘል። ሁልጊዜ ያው ጠረጴዛ፣ ያው መስኮት፣ ያው ሻይ። እቤቷ ባለች ትንሽ ማተሚያ ከነቀኑ እያተመች ኮሪደሩ ላይ ትለጥፈዋለች። ግድግዳው ጢም ብሎ ሞልቶ የአንድ ፎቶ ቦታ ብቻ ቀርቷል።

የቀረው ካሜራው ውስጥ ተገኘ። ቀኑ ማክሰኞ ይላል፤ ጠዋት።

"እንግዲህ ማክሰኞ ጠዋት በሕይወት ነበረች" አለ አለቃው። "ባሏ ሰኞ ረፋድ የተበላሸ አውቶቡስ ሊጠግን ከከተማ ወጥቶ ዛሬ ነው የተመለሰው። ማክሰኞ በሯ ላይ ሲጮህ የተሰማው ወንድሟ ነው። ምን ቀረ?"

"ለምን ጮኸ?" አለች መርማሪዋ።

ባልደረቦቿ "እሜቴ ለምን" የሚሏት ለዚሁ ነው።

ወንድምየው ታክሲ ነጂ ነው። እጁ በካቴና ታስሮ እንባው ይወርዳል።

"አንኳኳሁ፣ አልከፈተችም። እናታችን ታማ ብደውልላት እህቴ ስልክ አላነሳ ስትል በግኜ ነበር። ጮኼባት ሄድኩ። እግሬ እንኳ ወደ ውስጥ አልገባም!"

ማን ይመነው? በሕይወት ያለች እህት ለወንድሟ በር አትከፍትም? ሐኪሙም ቢጠየቅ የሞተችው ሰኞ ይሁን ማክሰኞ ቆርጬ መናገር አልችልም ብሏል።

ከቀብሩ በማግስቱ እናትየው ከጣቢያው አግዳሚ ወንበር አልነሳ ብለዋል። መርማሪዋ ስታልፍ እጇን ያዟት።

"ልጄ፣ አንዷን ቀብሬ መጣሁ። ሁለተኛውን ደግሞ እናንተ ልትቀብሩብኝ ነው?"

መርማሪዋ ከጣቢያው ወጥታ በቀጥታ ወደ ሟች ቤት ሄደች።

ኮሪደሩ ላይ ቆማ ፎቶዎቹን ከመጀመሪያው አንስታ አየቻቸው። ሰው የለባቸውም። መስኮቱ ላይ ዝናብ አለ፣ ፀሐይ አለ። በመስኮቱ በኩል የተጋመሰ ብርጭቆ። ወዲህ ደግሞ፣ ባዶ ወንበር ፊት፣ ያልተነካ ሌላ ብርጭቆ።

"ይሄ የማን ነው?" አለቻት ተከትላት የገባችውን ጎረቤት።

"የባሏ ነዋ! እሱ እንደሆነ ተቀምጦ ጠጥቶላት አያውቅም፤ ሁሌ ወደ ጋራዥ ሩጫ ነው። 'እስቲ ዓመቱ ይሙላ፤ አንድ ቀን ቁጭ ካለ አለሁ፣ ካላለ ግን እሄዳለሁ' ትለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ቀልድ መስሎኝ እስቅ ነበር።" ሴትየዋ አፏን በእጇ ያዘች።

መርማሪዋ የማክሰኞውን ፎቶ ከኪሷ አወጣች። ብርጭቆው አንድ ነው።

ባልየው ሲጠራ ፂሙን እንኳ አልተላጨም፤ ለሚያየው ያሳዝናል።

"ፎቶዎቹን አይተዋቸው ያውቃሉ?"

"በየቀኑ በአጠገባቸው አልፋለሁ።"

"ማለፍዎን አልጠየቅኩም።"

"ጠረጴዛ ነው፣ ሻይ ነው። ምኑ ይታያል?"

"እዚህ ላይ አንድ ብርጭቆ ብቻ ያለው ለምንድን ነው?"

"ማክሰኞ እኔ የለሁማ! ለማን ትቅዳ?"

መርማሪዋ ከግድግዳው የነቀለቻቸውን አንድ በአንድ ፊቱ ደረደረች።

"ጋራዡን ጠይቄያለሁ። በዚህ ቀን ለሥራ ከከተማ ወጥተው ነበር። በዚህም። በዚህኛውም። ብርጭቆዎ ግን አለ። ኖሩም አልኖሩም ትቀዳልዎት ነበር። ይሄን የማያውቅ ሰው ነው የማክሰኞውን ያነሳው።"

አንቱታው እዚህ ላይ ቀረ።

"ሰኞ ጠዋት ቤት ምን ሆነ?"

ባልየው እንደ ደከመው ሰው ትከሻው ወረደ።

"'ነገ ዓመቱ ሲሞላ አትኖርም፣ ዛሬ እንኳ ቁጭ በል' አለችኝ። ቸኩያለሁ አልኳት። 'እንግዲያው ልሄድ ነው' አለች። ሳትቆጣ፣ እንዲሁ። ሻንጣዋን ለካ አዘጋጅታ ኖሯል። በሻይ ትዳር ይፈርሳል? ሰው ምን ይለኛል? ደረጃው ላይ ደረስኩባትና ገፋኋት።"

የቀረውን መርማሪዋ ራሷ ጨረሰችለት። ብርጭቆዎቹን አጠበ። አንድ ሻይ ቀዳ። የካሜራውን ቀን ወደ ማክሰኞ ገፍቶ አነሳ፤ መልሶም አስተካከለው። ሻንጣዋን ቁም ሣጥን ውስጥ ከቶ ወደ አውቶቡሱ ሄደ። በማግስቱ ወንድሟ መጥቶ መጮኹ ደግሞ ሳይፈልገው የመጣ ሲሳይ ሆነለት።

ወንድምየው ከሰዓት በኋላ ተፈታ። እናትየው ክንዱን አጥብቀው ይዘው ወጡ፤ ደስታም እፎይታም ፊታቸው ላይ አልነበረም።

ባልየው ሊወሰድ ሲነሳ ጠረጴዛው ላይ የተደረደሩትን ፎቶዎች ጎንበስ ብሎ ተመለከተ። አንዱን አነሳ፤ ሌላውን አነሳ።

"ሁሉም ላይ አለ? የኔ ብርጭቆ?"

"ሁሉም ላይ" አለች መርማሪዋ። "የሌለው አንተ ባነሳኸው ላይ ብቻ ነው።"