ጅራታቸው የተቆረጠ ዓሣዎች

«ሁለት ብቻ!» አለ ጥሩሰው መረቡን እያራገፈ። «ዛሬ ከያዝነው ስድሳ ዓሣ ምልክት ያላቸው ሁለት ብቻ። ጻፊ፣ ሰርካዲስ!»

ሰርካዲስ ጻፈች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። አባቷ ድሬዳዋ ምድር ባቡር ይሠራል፤ ሶማልኛውን የለመደችው ከጎረቤት ልጆች ጋር ስትሯሯጥ ነው። ትምህርት ሲዘጋ ለዓሣ አጥኚው ለጥሩሰው አስተርጓሚ ሆና ጀልዴሳ መንደር የመጣችውም በዚሁ ምክንያት ነበር።

መንግሥት ለመብራት ኃይል ወንዙን ሊገድበው አስቧል። ይቺ ጣት የምታክል ዓሣ ደግሞ ከዚህ ወንዝ በቀር የትም አልተገኘችም። ጥሩሰው ባለፈው ሳምንት ስድሳ ይዞ፣ የጅራታቸውን ጫፍ በመቀስ ቆረጥ አድርጎ መልሶ ለቀቃቸው። ዛሬ ሲያጠምድ ምልክት ያላቸው ካነሱ፣ ያልተነኩ ብዙ ዓሣዎች አሉ ማለት ነው።

«በሺህ ይቆጠራሉ! እኔ እኮ ሊያልቁ ነው ብዬ ፈርቼ ነበር። እንግዲህ ግድቡ አያጠፋቸውም።» ፊቱ በራ። ነገ ሪፖርቱን ይዞ ከድሬዳዋ በባቡር ይመለሳል።

ያረፉበት ቤት ልጅ ኪንሲ የሰርካዲስን እጅጌ ጎተተች። ከጓሮ ወዳለው ቢርካ፣ የዝናብ ውሃ ወደሚጠራቀምበት ጉድጓድ ወሰደቻት።

«እዪ፣ አባዮ፣ እየዳኑልኝ ነው» አለቻት በሶማልኛ እህቴ ብላ እየጠራቻት።

ሰርካዲስ አጎንብሳ አየች። ጅራታቸው የተቆረጠ ዓሣዎች፣ ከአርባ በላይ።

«ውሃ ስቀዳ አየኋቸው። ቆስለው አሳዘኑኝ፤ በወንፊት እየጨለፍኩ አመጣኋቸው። ፍርፋሪ እሰጣቸዋለሁ።»

ሰርካዲስ ሳቋ መጣ፤ ወዲያው ግን የጻፈችው ቁጥር ትዝ አላት። ምልክት ያላቸው ከወንዙ የጠፉት ኪንሲ ስላወጣቻቸው እንጂ ዓሣዎቹ በዝተው አይደለም።

«ኪንሲ፣ እሱ እኮ ሲፈልግ የዋለው እነዚህን ነው» አለችና ነገሩን አስረዳቻት።

ኪንሲ አፏን በሻሿ ያዘች። «እንዳትነግሪው! አባቴ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ነው፤ መብራት ሊገባልን ነው ብሎ ላገሩ ሁሉ አውርቷል። መብራቱ በሱ ልጅ ምክንያት ቀረ ቢባልስ?»

«እናንተ ምን ታሾካሹካላችሁ?» ጥሩሰው እጁን እያደራረቀ መጣ። «ምን ትላለች?»

ጥሩሰው ከሶማልኛ አንድም ቃል አይሰማም። «ዝም ብለን እየተጫወትን ነው» ብትለው ያምናታል። ኪንሲ በዓይኗ ተማጸነቻት።

«ጋሼ፣ አንዴ ይጠብቁኝ» አለች ሰርካዲስ። የኪንሲን እርጥብ እጅ ያዘችና በሶማልኛ፣ «አንቺው ንገሪው። ለአባትሽም ስትነግሪ አብሬሽ እቆማለሁ» አለቻት።

ኪንሲ ሻሿን ከአፏ አወረደች። ከዚያ ወደ መሬት እያየች መናገር ጀመረች።

ሰርካዲስም እጇን ሳትለቅ ተረጎመች፦ «‹የታመሙ መስሎኝ ነው› ትላለች።»